የኮምፒዩተር የሚና ጨዋታ ገበያና ገበያውን ያልተከተሉት

የሚና ጨዋታ የሚባለው የኮምፒዩተር ጌም ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ወይም ጥቂት ጓዶች ፈጥሮ፣ የእያንዳንዳቸውን ጉልበት፣ ብልሃትና ሙያ በቁጥር ወስኖ፣ በአንድ ልብ ወለድ ዓለም ውስጥ እየመረጠና የምርጫውን ውጤት እየተቀበለ የሚጓዝበት ነው። ተጫዋቾች በአጭሩ አርፒጂ ይሉታል። አጀማመሩ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ማሰብን፣ ማንበብንና መምረጥን የሚጠይቅ ነበር። ላለፉት አርባ ዓመታትም በዚህ ዘርፍ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሣ ኖሯል፦ ዝግ ያለ፣ ብዙ የሚነበብበትና ስሕተትን በቀላሉ የማያልፍ ጨዋታ ወጪውን የሚሸፍን ገዢ ያገኛል ወይስ አያገኝም? ትልልቆቹ አሳታሚዎች በተለያየ ጊዜ «አያገኝም» የሚል መልስ ሰጥተው ጨዋታውን አፍጥነዋል፣ አቅልለዋል። ጥቂት ሠሪዎችና ታማኝ ተጫዋቾቻቸው ደግሞ በተቃራኒው ቆመው የቀድሞውን መንገድ ይዘው ቀጥለዋል። የዘርፉ ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለት ወገኖች ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒዩተር

በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አሳተሙ። ጨዋታው የሚፈልገው የሕግ መጻሕፍቱን፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነበር። ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡት አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ግንብ መዝለልም ሆነ ዘበኛ ማታለል ይሳካ እንደሆነ ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። ሕጉ በቁጥር የተገነባ በመሆኑ ለኮምፒዩተር የተመቸ ነበር። በማግስቱ ዓመት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለውን የኮምፒዩተር መረብ የሚጠቀሙ ወጣቶች ከመጀመሪያዎቹ የዋሻ ጨዋታዎች አንዳንዶቹን ጻፉ።

ዘርፉን ለገበያ ያበቁት ግን በ1981 የወጡ ሁለት ጌሞች ናቸው። አንዱ ሪቻርድ ጋሪዮት የሠራው «አልቲማ» ነው። ሁለተኛው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ የሠሩት «ዊዛርድሪ» ነው። ዊዛርድሪ በጃፓን ብዙ ወዳጅ አፍርቶ በ1986 ለወጣው «ድራጎን ክዌስት» ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ፤ የጃፓን የሚና ጨዋታም ከዚያ ወዲህ የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ።

ጋሪዮት በ1985 ባወጣው «አልቲማ 4» ዘርፉ ምን ያህል ሊጠልቅ እንደሚችል አሳየ። በዚህ ጌም መጨረሻ ላይ የሚገደል ክፉ ጠላት የለም። የተጫዋቹ ዓላማ እንደ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄና ትሕትና ባሉ ስምንት የምግባር ዓይነቶች ራሱን ማነጽ ነው። ለምሳሌ በጌሙ ውስጥ የአስማት ቅመም የሚሸጡት ነጋዴዎች ዓይነ ስውራን ናቸው፤ ገዢው የፈለገውን ያህል ሳንቲም ቆጥሮ ማስቀመጥ ይችላል። ያጎደለ ተጫዋች ወዲያው የሚደርስበት ነገር የለም፤ ጌሙ ግን በዝምታ ይመዘግባል፤ ተጫዋቹ ምግባሩን ሊያስመሰክር በቀረበ ጊዜ ያ ጉድለት ይቆጠርበታል።

በዚያው ዘመን ከገበያው ውጭ ሌላ ዘር ተወልዶ ነበር። በ1980 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የተጀመረው «ሮግ» ሥዕል የለውም፤ ጭራቆቹ በፊደላት ይወከላሉ። ዋሻው በየጨዋታው አዲስ ሆኖ ይሠራል፤ የሞተ ገጸ ባሕርይም አይመለስም። በ1987 የወጣው «ኔትሃክ» ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በበጎ ፈቃደኞች እየተጻፈ በነጻ ሲታደል ኖሯል። ሥዕልና ድምፅ የማይጠይቅ ጨዋታ ገንዘብ ሳይኖር ሊጠልቅ እንደሚችል ያሳየው ይህ ዘር ነው። በኋላ ገበያውን ከተቃወሙት ብዙዎቹ ከእርሱ ተምረዋል።

የ1990ዎቹ ቀውስ

እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ የሚና ጨዋታ ከኮምፒዩተር ጌሞች ሁሉ የተከበረ ቦታ ነበረው። ኤስኤስአይ የተባለው አሳታሚ በ1988 «ፑል ኦፍ ሬዲያንስን» አውጥቶ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ሕግ ከነዝርዝሩ ወደ ኮምፒዩተር አመጣ፤ ተከታታዮቹንም በየዓመቱ እያወጣ ሸጠ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት የሶፍትዌር መሠረት (ኢንጂን) ላይ የተሠሩ ስለነበሩ እያደር መልካቸው ተመሳሰለ።

በ1993 የወጡት «ዱም» እና «ሚስት» የገበያውን ሚዛን ለወጡት። ዱም ፍጥነትን፣ ሚስት ደግሞ በሲዲ ላይ የተጫነ ውብ ሥዕልን የገዢው መለኪያ አደረጉ። ሥዕል፣ ሙዚቃና ድምፅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለበዙ የአንድ ጌም ወጪ ናረ። ወጪው ሲንር አሳታሚው ብዙ ገዢ ፈለገ፤ ብዙ ገዢ ሲፈልግ ደግሞ ማኑዋል አንብቦ፣ ካርታ በወረቀት ላይ ስሎ የሚጫወተውን ትዕግሥተኛ ሰው ብቻ መጠበቅ አልቻለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ «የሚና ጨዋታ ሞቷል» የሚለው ቃል በአሳታሚዎችም በጋዜጠኞችም ዘንድ የተለመደ ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ዘርፉ የደከመበት ምክንያት ሁሉ በየተራ በሚካሄደው ውጊያና በጽሑፉ ብዛት ላይ ተደፈደፈ።

ሦስት መልሶች

ከቀውሱ መውጫ ሆነው ሦስት መልሶች ቀረቡ። የመጀመሪያው በ1996 ማብቂያ ከብሊዛርድ የወጣው «ዲያብሎ» ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ብሬቪክ ይህን ጌም ሲጀምረው ውጊያው በየተራ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ጠላቱም ተራውን ይጠብቃል። ብሊዛርድ ውጊያው ሳይቆም የሚካሄድ እንዲሆን ገፋፋው። ብሬቪክ ተቃወመ፤ ጉዳዩ ለሠራተኞቹ ድምፅ ቀርቦም ተሸነፈ። ለለውጡ ረጅም ጊዜና ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልጋል ቢልም፣ በ2016 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እንደ ተናገረው፣ ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። ማውዙን በአንድ ጠላት አጽም ላይ ሲጫን ተዋጊው ሄዶ መታው፤ አጽሙም ተበታተነ። ብሬቪክ የዲያብሎ ትክክለኛ መልክ ያን ጊዜ እንደ ተገለጠለት መስክሯል። ጌሙ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አሳታሚዎች ዘንድ የሚና ጨዋታ ማለት ማውዝ መጫን፣ ዕቃ መሰብሰብና መበርታት ሆነ።

ሁለተኛው መልስ በ1997 ኢንተርፕሌይ ያወጣው «ፎልአውት» ነው። ቲም ኬንና ባልደረቦቹ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የቀረውን ዓለም ሲሠሩ ውጊያውን በየተራ እንደሆነ ተዉት፤ ትኩረታቸውን ያደረጉት በምርጫና በውጤቱ ላይ ነው። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን ሲፈጥር የማሰብ ችሎታውን ከ10 ነጥብ 3 ወይም ከዚያ በታች ካደረገው፣ ያ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቅተዋል። ሲያናግሩት ያጉረመርማል፤ ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ፊት ይነሡታል፤ ብዙ ታሪክም ሳይከፈትለት ይቀራል። ሠሪዎቹ ጥቂት ሰው ብቻ ሊመርጠው ለሚችል መንገድ ሙሉ ንግግር ጽፈዋል ማለት ነው። ለአሳታሚ ሒሳብ ይህ ብክነት ነው፤ ለዘርፉ ወዳጆች ግን የሚና ጨዋታ ትርጉሙ ራሱ ይህ ነው።

ሦስተኛው መልስ አስታራቂ ነበር። ሬይ ሙዚካና ግሬግ ዜስቹክ የተባሉት ካናዳውያን ሐኪሞች የመሩት ባዮዌር በ1998 «ባልደርስ ጌትን» አወጣ። ውጊያው ሳይቆም ይካሄዳል፤ ተጫዋቹ ግን በፈለገ ጊዜ አቁሞ ለስድስቱ ጓዶች ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ጌሙ ከሁለት ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። በእርሱ ኢንጂን ላይ በ1999 የተሠራው «ፕሌንስኬፕ፡ ቶርመንት» ደግሞ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ቃላት ይዞ ውጊያን ወደ ጎን ትቶ ንግግርን ዋና አደረገ። ሽያጩ መጠነኛ ቢሆንም በኋላ ለመጡ ጸሐፊዎች ከሁሉ የበለጠ የተማሩበት ጌም ሆነ።

የኮንሶሉ ዘመን

ከ2001 በኋላ ኤክስቦክስ ወደ ገበያው ሲገባ የሚና ጨዋታ ከጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር ወደ ሳሎን ቴሌቪዥን ተሻገረ። የቤተስዳ «ሞሮዊንድ» በ2002፣ የባዮዌር «ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ» በ2003 በዚህ መንገድ ትልቅ ስኬት አገኙ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጌሞች በጆይስቲክ እንዲያመቹ፣ ከርቀት እንዲነበቡና ማኑዋል ሳይገለጥ እንዲገቡ ሆነው ታቀዱ።

ለውጡ በአንድ ኩባንያ ሁለት ጌሞች መካከል ጎልቶ ይታያል። በሞሮዊንድ አንድ ሰው ሥራ ሲሰጥ መንገዱን በቃል ይነግራል፤ ከከተማው ወጥተህ ድልድዩን ተሻገር፣ ከዐለቱ አጠገብ ወደ ምሥራቅ ታጠፍ ይላል። ተጫዋቹ ማስታወሻውን እያነበበ፣ አካባቢውን እያስተዋለ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን» ግን ኮምፓስ ላይ ያለ ምልክት መድረሻውን ያሳያል። ጠላቶቹም ከተጫዋቹ ጋር አብረው ስለሚበረቱ፣ ተጫዋቹ ከፍ ያለ ደረጃ ሲደርስ በየመንገዱ የሚያደባው ተራ ሽፍታ ሳይቀር እጅግ ውድ የጦር ልብስ ለብሶ ይገኛል። ማንም የትም ቢሄድ እንዳይቸገር የተደረገው ይህ ዘዴ ለብዙ ሺህ አዲስ ተጫዋቾች በር ከፍቷል፤ ለነባሮቹ ግን የዓለሙን እውነተኛነት የነጠቀ ነበር። በዚያው ዓመት ቤተስዳ ለኦብሊቪየን ፈረስ ጌጠኛ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሸጥ የተነሣው ቁጣ በኋላ ለመጣው የቁርጥራጭ ሽያጭ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይታወሳል።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ድምፅ ነው። በጽሑፍ ብቻ የሚነገር ጨዋታ ለአንድ ጥያቄ ሰባትና ስምንት ምላሽ ቢያቀርብ ወጪው የጸሐፊው ደመወዝ ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር በተዋናይ ተነብቦ መቀረጽ ሲኖርበት ግን ምላሾቹ ይቀንሳሉ፣ ያጥራሉ፤ ዘግይቶ የሚመጣ እርማትም ተዋናዩን እንደገና ስቱዲዮ መጥራት ይጠይቃል። በ2007 የወጣው «ማስ ኢፌክት» ምላሾቹን በክብ ቅርጽ አሰልፎ በጥቂት ቃላት ማሳየቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ሽግግር ነባሮቹ ቤቶች ተራ በተራ ወደቁ። ኢንተርፕሌይ በገንዘብ እጦት ተዳክሞ በ2003 መጨረሻ ብላክ አይል የተባለውን የሚና ጨዋታ ክፍሉን ዘጋ፤ ተጀምሮ የነበረው ሦስተኛው ፎልአውትም ቀረ። የፎልአውት መብት በ2007 በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ለቤተስዳ ተሸጠ። የፎልአውት ፈጣሪዎች ያቋቋሙት ትሮይካ «ቫምፓየር፡ ብላድላይንስን» በኅዳር 2004 ከ«ሃፍላይፍ 2» ጋር በአንድ ቀን ለገበያ አውጥቶ በሽያጭ ተዋጠ፤ በማግስቱ ዓመት ተዘጋ። ባዮዌር በ2007 ለኤሌክትሮኒክ አርትስ መሸጡ ተነገረ። በ2009 ያወጣው «ድራጎን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ» የቀድሞውን መንፈስ ቢይዝም፣ በ2011 በጥድፊያ ተሠርቶ የወጣው ሁለተኛው ክፍል ያንኑ ዋሻ ደጋግሞ በማሳየቱና ውጊያውን በማፍጠኑ ነባር ወዳጆቹን አስከፋ።

በሌላ በኩል የገበያው ስሌት ስሕተት አልነበረም። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በ2010 ከ12 ሚሊዮን በላይ ከፋይ ደንበኛ ነበረው። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» በ2023 ከ60 ሚሊዮን ኮፒ በላይ መሸጡ ተገልጿል። ለአሳታሚ እንዲህ ያለ ቁጥር ፊቱ ተቀምጦ በጥቂት መቶ ሺህ ኮፒ የሚረካ ጌም መሥራት ትርጉም አልነበረውም።

ተቃራኒው ባህል

ከዋናው ገበያ የወጣው ወገን አንድ ድርጅት አልነበረም፤ በየአገሩ የተበተኑ ትንንሽ ስቱዲዮዎች፣ ብቻቸውን የሚሠሩ ፕሮግራመሮችና ሥራቸውን በጥብቅ የሚተቹ ተጫዋቾች ስብስብ ነበር። የሚያምኑበት ነገር ግን ተመሳሳይ ነው። የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ከተጫዋቹ የጣት ፍጥነት መብለጥ አለበት። አንድ መንገድ ሲመረጥ ሌላው መዘጋት አለበት። ዓለሙ ለተጫዋቹ ብሎ አይለወጥም። ሽንፈትም የጨዋታው አካል ነው።

በሲያትል የሚኖረው ጄፍ ቮገል በ1994 ስፓይደርዌብ ሶፍትዌርን መሥርቶ እስካሁን ከጥቂት ሰዎች ጋር ይሠራል። ሥዕሎቹ ቀላል፣ ጽሑፉ ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ የጌሙን የተወሰነ ክፍል በነጻ እየሰጠ ቀሪውን ለወደደው ይሸጥ ነበር። ከአሳታሚ ገንዘብ ስለማይወስድ ለመኖር የሚያስፈልገው ጥቂት ሺህ ታማኝ ገዢ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ፒራኛ ባይትስ በ2001 «ጎቲክን» አወጣ፤ በዚህ ጌም አዲስ የመጣው ተጫዋች ደካማ ነው፤ ጉልበተኞች ደብድበው ገንዘቡን ይወስዱበታል፤ ተምሮና በርትቶ ሲመለስ ብቻ ይበቀላል። አይረን ታወር የተባለው ስቱዲዮ በ2004 የጀመረውን «ኤጅ ኦፍ ዴካደንስ» በ2015 አጠናቀቀ፤ በዚያ ጌም ነጋዴ ወይም ዲፕሎማት ሆኖ ያለ አንድ ውጊያ ታሪኩን መጨረስ ይቻላል፤ ሳያስብ ሰይፍ የሚመዝ ሰው ግን ቶሎ ይሞታል። ከሰርቢያ የመጣው «አንደርሬይልም» በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ፎልአውት ፈለግ ተከትሎ ወጣ።

ተጫዋቾቹም ገዢ ብቻ አልነበሩም። ትሮይካ ከተዘጋ በኋላ የብላድላይንስን ስሕተቶች ያረሙት፣ ተቆርጠው የቀሩ ክፍሎቹንም መልሰው ያስገቡት ያለ ክፍያ የሠሩ ወዳጆቹ ናቸው፤ እርማቱ ጌሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላም አላቆመም። በ2008 የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ጎግ የተባለውን መደብር ከፍቶ የቆዩ ጌሞችን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠሩ አድርጎ፣ ያለ ምንም መቆለፊያ መሸጥ ጀመረ። ከገበያ የጠፉት ፎልአውትና ፕሌንስኬፕ ቶርመንት እንደገና ሲሸጡ፣ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዳለ በደረሰኝ ታየ።

ይህ ወገን የራሱ ድክመት ነበረው። ናፍቆት ከፍርድ ይቀድምበት ነበር፤ ችግርን ሁሉ ከጥልቀት፣ ምቾትን ሁሉ ከጥፋት ይቆጥራል። አዲስ ተጫዋችን በንቀት ማየቱም በር ዘግቷል። የድሮዎቹ ጌሞች ዝርክርክነትና የማያልቅ የውጊያ ድግግሞሽ በፍቅር ታልፏል። ሆኖም ሙያውን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ያሻገረው ይኸው ግትርነት ነው።

የተጫዋቾች ገንዘብ

በ2012 ነገሩ በድንገት ተለወጠ። የመጀመሪያውን «ዌስትላንድ» በ1988 በኢንተርፕሌይ ያሠራው ብራያን ፋርጎ ለተከታዩ አሳታሚ ፍለጋ ለዓመታት ደጅ ጠንቶ ነበር። በመጋቢት ወር ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ 900 ሺህ ዶላር ጠየቀ፤ ከራሱ ደግሞ 100 ሺህ እንደሚጨምር ቃል ገባ። መዋጮው ሲዘጋ ከ61 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ከብላክ አይል የወጡ ሰዎች የመሠረቱት ኦብሲዲያን ለ«ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ» 1.1 ሚሊዮን ጠይቆ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ አገኘ። ኦብሲዲያን ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሥራ ተሰርዞበት ሠራተኛ የቀነሰ፣ ህልውናው አደጋ ላይ የወደቀ ስቱዲዮ ነበር።

የዚህ መዋጮ ጠቀሜታ ከገንዘቡ መጠን በላይ ነው። አሳታሚው «ገዢ የለም» ሲል መከራከሪያ ያልነበረው ወገን፣ ጌሙ ከመሠራቱ በፊት ገዢዎቹን ቆጥሮ ማሳየት ቻለ። ዌስትላንድ 2 በ2014፣ ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ በ2015 ወጥተው በጥሩ ሁኔታ ተሸጡ።

ነገር ግን መዋጮ ብቻውን ዘላቂ መንገድ አልሆነም። በ2013 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው «ቶርመንት፡ ታይድስ ኦፍ ኑሜኔራ» ከአራት ዓመት በኋላ ሲወጣ፣ ቃል ከተገባው የተወሰነው ተቀንሶ ስለነበር ቅሬታ አስነሣ። የፒላርስ ሁለተኛ ክፍል በ2018 ወጥቶ በሽያጭ ከተጠበቀው በታች ሆነ። በናፍቆት የተገዛ የመጀመሪያ ጌም ሁለተኛውን እንደማያስገዛ ታየ። በ2018 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ኦብሲዲያንንና የፋርጎን ስቱዲዮ ኢንኤግዛይልን መግዛቱን አስታወቀ።

በዚሁ ጊዜ የጣዕም ለውጥም ይታይ ነበር። ባልደርስ ጌት ያስለመደው፣ እየቆመ የሚሄደው ውጊያ ቦታውን በየተራ ለሚካሄደው መልቀቅ ጀመረ። ፒላርስ 2 በ2019፣ የአውልካት ስቱዲዮ «ፓዝፋይንደር፡ ኪንግሜከር» በ2020 በየተራ የሚዋጉበትን አማራጭ ጨመሩ፤ የኪንግሜከር አማራጭ የተነሣውም አንድ ተጫዋች በራሱ ተነሣሽነት ከሠራው ጭማሪ ነው። በ1990ዎቹ ለዘርፉ ውድቀት ምክንያት ተደርጎ የተከሰሰው ስልት የገዢው ምርጫ ሆኖ ተመለሰ።

ከዳር ወደ መሀል

በጥቅምት 2019 የወጣው «ዲስኮ ኤሊሲየም» የተቃራኒው ባህል ከፍተኛ ፍሬ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሮበርት ኩርቪትስ የተባለው የኤስቶኒያ ጸሐፊና ባልደረቦቹ በዛኡም ስቱዲዮ የሠሩት ይህ ጌም የተለመደ ውጊያ የለውም፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት አሉት። ሃያ አራቱ ችሎታዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆኑ በመርማሪው ጭንቅላት ውስጥ የሚከራከሩ ድምፆች ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል መርማሪው ከስካሩ ነቅቶ ከራስጌው በሚሽከረከረው ማራገቢያ ላይ የተንጠለጠለውን ከረባቱን ሊያወርድ ይሞክራል፤ ሰውነቱን ደካማ አድርጎ የፈጠረ ተጫዋች ካልተሳካለት በልብ ድካም ሞቶ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ሊያበቃ ይችላል። ከሮግ እስከ ጎቲክ የተሰበከው የማይምር ዓለም እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ ሆነ። ጌሙ በዚያው ዓመት በ«ዘ ጌም አዋርድስ» አራት ሽልማት ወሰደ። በ2022 ግን ዋና ዋና ፈጣሪዎቹ ከስቱዲዮው መውጣታቸው ተሰማ፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ክርክር አመራ።

የመጨረሻውን ድንበር የጣሰው ላሪያን ነው። ስቬን ቪንከ በ1996 በቤልጂየም የመሠረተው ይህ ስቱዲዮ ከአሳታሚዎች ጋር በነበረው ውል ብዙ ተቸግሮ በራሱ ገንዘብና በተጫዋቾች መዋጮ መሥራትን መርጧል። በ2014 እና በ2017 ያወጣቸው ሁለቱ «ዲቪኒቲ፡ ኦሪጅናል ሲን» በየተራ የሚካሄድ ውጊያ በሰፊው ሊሸጥ እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ የባልደርስ ጌትን ስም በፈቃድ ወስዶ ሦስተኛውን ክፍል ጀመረ። በጥቅምት 2020 ያላለቀውን ጌም ለሽያጭ አቅርቦ ለሦስት ዓመት ያህል ተጫዋቾች እየሞከሩት አስተካከለ፤ በነሐሴ 2023 ሙሉው ወጣ። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ብቻ ከ870 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተጫወቱት። በየተራ የሚዋጉበት፣ ዳይስ በስክሪኑ ላይ እየተንከባለለ ውሳኔ የሚሰጥበት፣ ብዙ ተጫዋች የማያገኛቸው መንገዶች ሙሉ በሙሉ የተጻፉበት ጌም፣ አምስቱን ታላላቅ የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማቶች በመጠቅለል የመጀመሪያው ሆነ።

«ባልደርስ ጌት 3» በሥዕልና በድምፅ ከማንኛውም ትልቅ ጌም አያንስም፤ ከ400 በላይ ሠራተኞች ደክመውበታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ሁሉም ስቱዲዮ በዚህ ሚዛን ሊለካ አይገባም ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው እውነት አለው፤ በአክሲዮን ገበያ ያልተመዘገበና ሥራው እስኪበስል መጠበቅ የሚችል ኩባንያ ብዙ አይገኝም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ዋናው ገበያ ከተጫዋቹ ኪስ በተከታታይ ገንዘብ ወደሚያስገኙ ጌሞች ማዘንበሉን አላቆመም። ብሊዛርድ በ«ዲያብሎ 3» የከፈተውን የእውነተኛ ገንዘብ ጨረታ በተጫዋቾች ተቃውሞ በ2014 ቢዘጋም፣ በ2022 ያወጣው የስልኩ «ዲያብሎ ኢሞርታል» በውስጡ ባለው ሽያጭ ብዙ ተወቅሷል። በጥቅምት 2024 የወጣው የባዮዌር «ድራጎን ኤጅ፡ ዘ ቬልጋርድ» 1.5 ሚሊዮን ተጫዋች ላይ ደርሶ ከታሰበው በግማሽ ያህል ሲያንስ፣ የኤሌክትሮኒክ አርትስ አመራር ተጫዋቾች ብዙ ሰው የሚጋራው ዓለም እየፈለጉ መሆናቸውን ጠቅሷል። ባልደርስ ጌት 3 ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የተሰጠ መልስ መሆኑ የቀድሞው ክርክር እንዳልተዘጋ ያሳያል። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ከፈረንሳይ ሞንፔልዬ የመጣ አነስተኛ ስቱዲዮ በየተራ የሚዋጉበትን «ክሌር ኦብስኩር፡ ኤክስፐዲሽን 33» አውጥቶ በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ኮፒ ሸጠ።

እነዚህ አርባ ዓመታት ሲጠቃለሉ የሚገኘው ፍርድ ይህ ነው። ጥልቅ የሚና ጨዋታ የሚፈልግ ሰው በየትኛውም ዘመን አልጠፋም። የጎደለው በዚያ ሰው ልክ የተቆረጠ ወጪና የሚጠብቅ ገንዘብ ነበር። ወጪው ከገዢው ቁጥር ሲበልጥ ዘርፉ ይወድቃል፤ ቮገል እንዳደረገው ወጪው ሲቀንስ፣ ወይም ላሪያን እንዳደረገው ገዢው በትዕግሥት ሲበዛ ይቆማል። ገበያው የተወውን ሙያ ትንንሾቹ ስቱዲዮዎች ባይጠብቁት ኖሮ፣ ትልልቆቹ ዛሬ የሚመለሱበት ነገር አይኖርም ነበር። ስለዚህ የዘርፉ ጤንነት የሚለካው በዓመቱ ትልቁ ጌም ሽያጭ ብቻ ሳይሆን፣ ለጥቂት ሺህ ገዢዎች የሚሠሩት ስቱዲዮዎች በሕይወት በመቆየታቸውም ጭምር ነው።